የሕክምና የመረጃ ቋቶችና ሐረር፦ ዕውቀትን መፈለግና ማስገኘት

በሐረር ጀጎል ውስጥ በሚገኘው የሸሪፍ የግል ሙዚየም የተጠበቁትን ጥንታዊ የዐረብኛ የእጅ ጽሑፎች የጎበኘ ሰው፣ በአንዳንዶቹ ገጾች ግርጌ ብቻዋን የቆመች አንዲት ቃል ይመለከታል። ይህች ቃል የሚቀጥለው ገጽ የሚጀምርባት ናት። ጠራዡ ቅጠሎቹን በሚደረድርበት ጊዜ ቅደም ተከተላቸው እንዳይዛባበት በእርስዋ ይመራ ነበር። የጥንቶቹ ጸሐፊዎች ዕውቀት ተጽፎ መቀመጡ ብቻውን እንደማይበቃና ወደ እርሱ የሚመራ ምልክት እንደሚያስፈልገው በሚገባ ተረድተው እንደነበር ከዚህ እንገነዘባለን።

በዚያው በሐረር ከተማ ዛሬ ሌላ ዓይነት ቤተ መጻሕፍት አለ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ የሚገኘው በሐረር ሲሆን፣ ተማሪዎቹ የሚለማመዱትም በሕይወት ፋና ሆስፒታል ነው። ለምሳሌ ያህል ከእነዚህ ተማሪዎች አንዷ በወሊድ ክፍል ተረኛ ሆና ሳለ፣ ነፍሰ ጡር እናት ጫት መቃሟ በሚወለደው ሕፃን ክብደት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ይኖር እንደሆነ ማወቅ ፈለገች እንበል። ጥያቄው ለሐረርና ለአካባቢዋ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ነው። መልሱን ለማግኘት ግን ወደ ኮምፒዩተሩ ቀርባ ጥቂት ቃላት መጻፍ ይኖርባታል። የትኞቹን ቃላት? በየትኛው ቋት? ያገኘችውን ጽሑፍስ ሙሉውን ማንበብ ትችላለችን? በዚህ ጽሑፍ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በቅደም ተከተል እንመለከታለን። ዓመታቱ ሁሉ የተጠቀሱት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢያን እንዲያስታውሱልን እንጠይቃለን።

ከታተመ ማውጫ እስከ ኢንተርኔት

በዓለም ላይ የሚወጡትን የሕክምና ጽሑፎች በአንድነት መዝግቦ የማቅረብ ሥራ ረጅም ታሪክ አለው። በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ይሠራ የነበረው ሐኪም ጆን ሾው ቢሊንግስ በ1879 «ኢንዴክስ ሜዲከስ» የተሰኘውን ማውጫ ማሳተም ጀመረ። ማውጫው የጽሑፎቹን ርእስ፣ የደራሲዎቹን ስምና ጽሑፎቹ የወጡባቸውን መጽሔቶች በየርእሰ ጉዳዩ ለይቶ የሚያቀርብ ነበር። ሥራው በ1964 «ሜድላርስ» በተባለ የኮምፒዩተር ሥርዓት መታገዝ ጀመረ። በ1971 ደግሞ «ሜድላይን» ተብሎ በስልክ መስመር አማካይነት ከሩቅ የሚጠየቅ የመረጃ ቋት ሆነ። በ1997 «ፐብሜድ» በሚል ስም በኢንተርኔት አማካይነት ለማንኛውም ሰው በነፃ ተከፈተ። የታተመው ማውጫም ተግባሩን ፈጽሞ በ2004 መውጣቱ ቆመ።

ዛሬ በፐብሜድ ውስጥ ከ37 ሚሊዮን በላይ መዝገቦች ይገኛሉ። እዚህ ላይ ጀማሪዎች ዘወትር የሚሳሳቱበትን አንድ ነጥብ ማብራራት ያስፈልጋል። መዝገብና ጽሑፍ አንድ አይደሉም። መዝገቡ ርእሱን፣ የደራሲዎቹን ስም፣ የጆርናሉን ስምና በአብዛኛው አኅጽሮተ ጥናቱን ይይዛል። ሙሉው ጽሑፍ የሚገኘው ግን በአሳታሚው ዘንድ ወይም በሌላ ማኅደር ነው። ስለዚህ መዝገቡ በነፃ መታየቱ ጽሑፉም በነፃ ይነበባል ማለት አይደለም።

እኛ የፊዚክስ ሰዎች ስለ ሕክምና ቤተ መጻሕፍት መጻፋችን ምናልባት አንባቢን ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን ዛሬ ሐኪሞች የሚገለገሉበት ዓለም አቀፍ ድር በ1989 በቲም በርነርስ-ሊ የታቀደው በጄኔቫ አጠገብ ባለው በሰርን የፊዚክስ ምርምር ተቋም ውስጥ ነበር። የፊዚክስ ተመራማሪዎች ገና ያልታተሙ ጽሑፎቻቸውን በፖስታ ይለዋወጡ ስለነበር፣ ፖል ጊንስፓርግ የተባለው ፊዚሲስት ይህን ልማድ በ1991 ወደ ኮምፒዩተር አዛውሮ ዛሬ «አርካይቭ» የተባለውን ማኅደር መሠረተ። ሕክምና ተመሳሳይ ማኅደር ያገኘው በ2019 ነው። ሕክምና የዘገየው ያለ ምክንያት አይደለም። ያልተመረመረ የፊዚክስ ጽሑፍ ስሕተት ቢኖርበት ሌላ ፊዚሲስት ያርመዋል፤ ያልተመረመረ የሕክምና ጽሑፍ ስሕተት ግን በበሽተኛ ላይ ሊደርስ ይችላል።

የክፍያው ግንብ

አሚር ኑር በ16ኛው መቶ ዘመን ያሠራው የጀጎል ግንብ አምስት በሮች ነበሩት። የዓለም የሕክምና ጆርናሎች ግን ለረጅም ጊዜ አንድ በር ብቻ ነበራቸው፤ እርሱም የደንበኝነት ክፍያ ነው። የአንድ ጆርናል የዓመት ክፍያ በመቶዎች፣ አንዳንዴም በሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚተመን በመሆኑ፣ የድሃ አገሮች ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያዎች በአሮጌ ቅጾች ተሞልተው ቀሩ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2000 ባደረገው ጥናት፣ የነፍስ ወከፍ ዓመታዊ ገቢያቸው ከ1,000 ዶላር በታች በሆኑ አገሮች ከሚገኙት የሕክምና ተቋማት 56 በመቶ የሚሆኑት በአምስት ዓመታት ውስጥ ለአንድም ዓለም አቀፍ ጆርናል ደንበኛ አልነበሩም። በዚያ ዘመን አንድ ጽሑፍ የፈለገ ሰው ለደራሲው ካርድ ጽፎ በፖስታ ቅጂ ይለምን ነበር። መልሱ የሚደርሰው፣ ከደረሰም፣ ከሳምንታት በኋላ ነው። በሽተኛው ያን ያህል ጊዜ እንደማይጠብቅ ግልጽ ነው።

ይህን ችግር ለማቃለል የዓለም ጤና ድርጅት ከታላላቅ አሳታሚዎች ጋር ተስማምቶ በጥር 2002 «ሂናሪ» የተሰኘውን ፕሮግራም ጀመረ። በስምምነቱ መሠረት ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚገኙ የተመዘገቡ ተቋማት ጆርናሎቹን በነፃ፣ ከእነርሱ ከፍ ያለ ገቢ ያላቸው ደግሞ በአነስተኛ ክፍያ ያነባሉ። ኢትዮጵያ በነፃ ከሚጠቀሙት ምድብ ውስጥ ናት። ሂናሪን ተከትለው በ2003 ለግብርና «አጎራ»፣ በ2006 ለአካባቢ ሳይንስ «ኦአሬ»፣ በ2009 ለቴክኖሎጂ «አርዲ»፣ በ2018 ደግሞ ለሕግ «ጎአሊ» ተቋቁመው፣ አምስቱም «ሪሰርች ፎር ላይፍ» በሚል የጋራ ስም ይጠራሉ። ለዚህ አገልግሎት የሚመዘገበው ተቋሙ እንጂ ግለሰብ አይደለም፤ ስለዚህ ተማሪው የመግቢያ ስሙንና የይለፍ ቃሉን የሚጠይቀው የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ ነው። ይህን ባለማወቅ ብዙዎች ከተከፈተ በር ፊት ቆመው ይመለሳሉ።

ሁለተኛው በር «ክፍት ተደራሽነት» ይባላል። ጽሑፉ እንደ ታተመ ወዲያውኑ ለማንኛውም አንባቢ በነፃ እንዲቀርብ የሚያደርግ አሠራር ነው። በ2000 «ባዮሜድ ሴንትራል» የተባለው አሳታሚ በዚህ መንገድ ማሳተም ጀመረ፤ በዚያው ዓመት የሙሉ ጽሑፎች ማኅደር የሆነው «ፐብሜድ ሴንትራል» ተከፈተ። በ2002 በቡዳፔስት የወጣው መግለጫ የአሠራሩን መርሆች ደነገገ። በ2003 ደግሞ የክፍት ጆርናሎች ማውጫ በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ይህ በር ግን የራሱ ሸክም አለው። ከአንባቢው የቀረው ክፍያ በብዙ ጆርናሎች ዘንድ ወደ ደራሲው ተላልፏልና፣ ለአንድ ጽሑፍ ከ1,000 ዶላር በላይ የሚጠየቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ብዙ አሳታሚዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው አገሮች ለሚመጡ ደራሲዎች ክፍያውን ይሰርዛሉ ወይም ይቀንሳሉ። ደራሲው ግን ጽሑፉን ከመላኩ በፊት ይህን ማጣራትና ጥያቄውን በወቅቱ ማቅረብ ይኖርበታል።

ኮምፒዩተሩ እንዴት ይፈልጋል?

በሩ ተከፈተ እንበል። ተማሪያችን ከ37 ሚሊዮን መዝገቦች መካከል የምትፈልገውን እንዴት ታገኛለች? ኮምፒዩተሩ እያንዳንዱን መዝገብ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እያነበበ አይፈልግም። አስቀድሞ ለእያንዳንዱ ቃል አንድ ዝርዝር ያዘጋጃል፤ ዝርዝሩም ቃሉ የሚገኝባቸውን መዝገቦች ቁጥር ይይዛል። ለምሳሌ «ጫት» የሚለው ቃል በመዝገብ 3፣ 8፣ 15 እና 21 ይገኛል፤ «ሐረር» የሚለው ደግሞ በመዝገብ 2፣ 8፣ 21 እና 30 ይገኛል እንበል። ሁለቱም ቃላት ያሉባቸውን የጠየቀ ሰው 8ንና 21ን ብቻ ያገኛል። ከሁለቱ ቢያንስ አንዱ ያለባቸውን የጠየቀ ሰው ግን ስድስት መዝገቦች ያገኛል። በእንግሊዝኛ የመጀመሪያው ማያያዣ «ኤንድ»፣ ሁለተኛው «ኦር» ነው። የዚህ ሥሌት መሠረት ጆርጅ ቡል የተባለው የሒሳብ ሊቅ በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ የሰፈረ ነው። ደንቡም ቀላል ነው፦ «ኤንድ» ያጠብባል፣ «ኦር» ያሰፋል።

ከዚህ የሚከተለው ቁም ነገር አለ። ኮምፒዩተሩ የሚያውቀው የፊደላትን ቅደም ተከተል ነው፤ በአእምሮአችን ያሰብነውን ነገር አያውቅም። «ጫት» የሚለውን ቃል ጸሐፊዎች በላቲን ፊደል አንዱ በ«ኬ» እና «ኤች»፣ ሌላው በ«ኪው»፣ ሦስተኛው በ«ኬ» ብቻ ጀምሮ ይጽፈዋል። በኬንያ ደግሞ «ሚራ» ይባላል። ኢትዮጵያውያን ደራሲዎች «ጨ»ን በ«ሲ» እና «ኤች» ስለሚጽፉ የእኛ ጫት በእንግሊዝኛ ወግ ወይም ጭውውት ከሚል ትርጉም ካለው ቃል ጋር አንድ ይሆናል። ተማሪያችን ይህን ቃል ብቻዋን ብትጽፍ ስለ ሐኪምና በሽተኛ ጭውውት፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ስለ «ቻትጂፒቲ» የተጻፉ ጽሑፎች ይጎርፉባታል። መፍትሔው የተለያዩትን አጻጻፎች ሁሉ በ«ኦር» ማያያዝ፣ ከዚያም «እርግዝና» እና «የልደት ክብደት» የሚሉትን በ«ኤንድ» መጨመር ነው።

የሕክምና ቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ለዚህ ችግር ሌላም መድኃኒት አላቸው። «ሜሽ» የተባለው የቃላት መዝገብ ከ30,000 በላይ የተመረጡ አርእስት ሲኖሩት፣ አንድ ነገር በብዙ ስም ቢጠራም በአንድ ርእስ ሥር እንዲመደብ ያደርጋል። ጫት በዚህ መዝገብ ውስጥ የሚገኘው በእጽዋት ሳይንስ ስሙ «ካታ» ተብሎ ነው። ጽሑፎችን በእነዚህ አርእስት የመመደቡን ሥራ ለብዙ ዓመታት የሠለጠኑ ሰዎች እያነበቡ ሲያከናውኑት ቆይተው፣ ከ2022 ወዲህ ግን በዋናነት በኮምፒዩተር ይሠራል። በመሆኑም ደራሲው በርእሱና በአኅጽሮተ ጥናቱ ውስጥ የሚመርጣቸው ቃላት ከቀድሞው ይበልጥ ወሳኝ ሆነዋል።

ስማችን ሲጠፋ

ለኢትዮጵያውያን የተለየ ሌላም ችግር አለ። በ1973 «ኢኮኖሚክ ቦታኒ» በተባለው ጆርናል «ጫት፦ ከሐረር የመጣው የቡና ተቀናቃኝ» የሚል ትርጉም ያለው ርእስ የተሰጠው ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። ደራሲዎቹ አማረ ጌታሁንና ክሪኮሪያን ናቸው። ጽሑፉ ስለ ጫት በስፋት ከሚጠቀሱት ሥራዎች አንዱ ነው። በመረጃ ቋቶች ውስጥ ግን የመጀመሪያው ደራሲ የሚገኘው «ጌታሁን ኤ» በሚል ስም ነው። አውሮፓውያን የመጨረሻውን ስም የቤተሰብ ስም አድርገው ስለሚወስዱ የአባት ስም ዋና ስም ሆነ፤ የደራሲው የራሱ ስም ግን ወደ አንዲት ፊደል ተጨመቀ። በአገራችን ስንት «ጌታሁን ኤ» ሊኖር እንደሚችል አንባቢ ይገምት! በዚህ ጽሑፍ ላይ የምናስተውለው ሌላም ነገር አለ። ጽሑፉ የወጣው በእጽዋት ጥናት ጆርናል በመሆኑ፣ ፍለጋውን በሕክምና ቋት ብቻ የወሰነ ሰው ሊያልፈው ይችላል።

የቦታ ስሞችም እንዲሁ ናቸው። «ሐረር» በላቲን ፊደል አንዴ በአንድ «አር»፣ አንዴ በሁለት «አር» ይጻፋል፤ በሁለተኛው «ኤ» ፋንታ «ኢ» የሚያስገቡም አሉ። ዩኒቨርሲቲው እስከ 2006 ዓለማያ ይባል ስለነበር፣ ቀደም ያሉትን ጥናቶች በአዲሱ ስም የሚፈልግ ሰው አያገኛቸውም። የምሥራቅ ሐረርጌው ቀርሳ በ«ኬ» ወይም በ«ኪው» ይጻፋል፤ በዚያ ላይ በጅማ አካባቢም ቀርሳ የሚባል ወረዳ አለ። ስለዚህ የአንዱ ጥናት ከሌላው ጋር ይደባለቃል።

ለዚህ ሁሉ የተገኘው መፍትሔ ከስም ይልቅ በቁጥር መለየት ነው። ከ2000 ጀምሮ አብዛኞቹ ጥናታዊ ጽሑፎች «ዲኦአይ» የተባለ የማይለወጥ መለያ ይሰጣቸዋል፤ የጆርናሉ ድረ ገጽ አድራሻውን ቢለውጥ እንኳ መለያው ወደ ጽሑፉ ይመራል። ከ2012 ጀምሮ ደግሞ «ኦርኪድ» የተባለው ድርጅት ለተመራማሪዎች ባለ 16 አኃዝ መለያ በነፃ ይሰጣል። ይህን መለያ የያዘ ተመራማሪ የአባቱ ስም ቀድሞ ቢጻፍም ሥራው ከሌላ ሰው ሥራ ጋር አይምታታበትም።

ከሐረር የሚወጣው ዕውቀት

እስከ አሁን ያነሣነው ከውጭ ስለሚመጣው ዕውቀት ነው። ነገሩ ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ግን ከሐረር ስለሚወጣው ዕውቀት ሲታሰብ ነው። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ በ2007 በቀርሳ፣ በ2012 ደግሞ በሐረር ከተማ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያዎችን አቋቁሟል። የመረጃ ሰብሳቢዎች በየጊዜው ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወሩ ልደትን፣ ሞትንና ፍልሰትን ይመዘግባሉ። የቀርሳ ጣቢያ ዝርዝር መግለጫ በ2016 በዓለም አቀፉ የኤፒዲሚዮሎጂ ጆርናል ወጥቷል። ሁለቱ ሥፍራዎች ከዚህም በላይ «ቻምፕስ» ከተባለው የምርምር መረብ ጋር የተያያዙ ናቸው። መረቡ በአፍሪካና በደቡብ እስያ አገሮች ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት የሚሞቱበትን ምክንያት ያጠናል። ለዚህም ወላጆች ሲፈቅዱ ከሞተው ሕፃን አካል በመርፌ ጥቂት ናሙና ተወስዶ በቤተ ሙከራ ይመረመራል።

ልጅዋን በሞት ያጣች እናት በዚያ ሰዓት «እሺ» ስትል ለሳይንስ የምትሰጠው ስጦታ ከባድ መሆኑን ማንም ይረዳዋል። የሰጠችውም የሌላዋ እናት ልጅ እንዲተርፍ በማሰብ ነው። ከዚህ የተገኘው ዕውቀት በክፍያ ግንብ ውስጥ ቢዘጋ፣ ወይም በተሳሳተ አጻጻፍ ምክንያት ሳይገኝ ቢቀር፣ ወይም የሕይወት ፋና ተረኛ ሐኪም ሊያነበው ባይችል፣ የእናቲቱ አደራ ተበላ ማለት ነው። እንግዲህ የመረጃ ቋት ጉዳይ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ብቻ ጉዳይ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

በአገር ውስጥ የተደረገውም ጥረት ቀላል አይደለም። «የኢትዮጵያ ሕክምና ጆርናል» ከ1962 ጀምሮ ይታተማል። በጅማ የሚዘጋጀው «የኢትዮጵያ ጤና ሳይንስ ጆርናል» ሙሉ ጽሑፎቹን በፐብሜድ ሴንትራል በነፃ ያቀርባል። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም «የምሥራቅ አፍሪካ የጤናና ባዮሜዲካል ሳይንስ ጆርናል»ን ያሳትማል። በ1998 የተቋቋመው «የአፍሪካ ጆርናሎች በኢንተርኔት» ደግሞ ከ500 በላይ የሆኑ የአህጉሪቱን ጆርናሎች በአንድ ድረ ገጽ ሰብስቧል፤ በታላላቆቹ ቋቶች ያልተመዘገበውን የአገር ውስጥ ጥናት የሚፈልግ ሰው ይህን ሥፍራ ሊዘነጋ አይገባም። በ2019 በወቅቱ የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር ባወጣው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ መሠረት፣ በመንግሥት ገንዘብ የተሠራ የዩኒቨርሲቲ ጥናት በብሔራዊው ዲጂታል ማኅደር እንዲቀመጥ ይጠበቃል።

ማግኘትና ማመን

የተገኘ ጽሑፍ ሁሉ የሚታመን አይደለም። ደራሲው የሚከፍልበት አሠራር ከመጣ ወዲህ ገንዘብ ተቀብለው ያለ ምንም የአቻ ግምገማ የሚያትሙ አጭበርባሪ ጆርናሎች በዝተዋል። ብዙውን ጊዜ የሚታወቁት ጽሑፍ እንዲላክላቸው በሚያቆላምጥ ደብዳቤ በመለመናቸው፣ በጥቂት ቀናት ውስጥ እናትማለን በማለታቸውና የአርታኢዎቻቸው ማንነት ግልጽ ባለመሆኑ ነው። የክፍት ጆርናሎች ማውጫን መመልከት ከብዙ ስሕተት ያድናል።

በሌላ በኩል ታላቅ ስም ያለው ጆርናልም ይሳሳታል። በግንቦት 2020 «ላንሴት» ሃይድሮክሲክሎሮክዊን በኮቪድ ሕሙማን ላይ ስላለው ውጤት ያወጣው ጽሑፍ የተመሠረተበትን መረጃ ማረጋገጥ ስላልተቻለ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ተሽሯል። የተሻረ ጽሑፍ ከቋቱ አይጠፋም፤ መሻሩን የሚገልጽ ምልክት ይደረግበታል። ከዓመታት በፊት የወረደ ቅጂ ይዞ የሚያነብ ሰው ግን ይህን ምልክት አያይም። ስለዚህ አንድን ጽሑፍ ከመጥቀሳችን በፊት መዝገቡን ዳግመኛ መመልከት ይገባናል። እንዲሁም አኅጽሮተ ጥናቱን ብቻ አንብቦ መደምደም አደገኛ ነው፤ ጥናቱ የተሠራባቸው ሰዎች ቁጥር፣ የተመረጡበት መንገድና የጥናቱ ድክመት የሚገለጡት በሙሉው ጽሑፍ ውስጥ ነው።

ወደ ተማሪያችን እንመለስ። የጫትን ስም በየአጻጻፉ አያይዛ፣ የሕክምናውንም የእጽዋቱንም ቋት ጠይቃ፣ የይለፍ ቃሉን ከቤተ መጻሕፍቱ ተቀብላ ሙሉውን ጽሑፍ አነበበች እንበል። ሥራዋ ገና አላበቃም። ነገ እርስዋ ራስዋ የመመረቂያ ጥናትዋን ስትጽፍ የከተማዋን፣ የወረዳዋንና የሆስፒታሉን ስም በተለመደው አጻጻፍ ማስፈር፣ ስምዋን በሁሉም ሥራዎችዋ በአንድ ዓይነት መንገድ መጻፍ፣ መለያ ቁጥር ማውጣት፣ ጽሑፏንም በክፍት ማኅደር ማስቀመጥ ይኖርባታል። ፍሬ ሐሳቡን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሐረሪ አሳጥራ ብታቀርበው ደግሞ መረጃውን የሰጡት ሰዎች ራሳቸው ያነቡታል። የጀጎል ጸሐፊ በገጹ ግርጌ አንዲት ቃል የሚያሰፍረው ከእርሱ በኋላ ለሚመጣው ጠራዥ በማሰብ ነበር። እኛም ከእኛ በኋላ ለሚፈልገው ሰው እንዲሁ ማሰብ ይጠበቅብናል።